አፐር ዳርቢ፦ ስለ አንድ የአሜሪካ ታውንሺፕ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ የት እንደምኖር ጠየቀችኝ። «አፐር ዳርቢ ታውንሺፕ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምነው ልጄ፣ እንደ ሶዌቶ ያለ ቦታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ አልፈረድኩባትም። እኔም ስመጣ የቦታው ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር። ለአዲስ ገቢዎች በቃል ስደጋግመው የኖርኩትን እነሆ በጽሑፍ።

«ታውንሺፕ የድሆች ሰፈር ነው»

ይሄ የደቡብ አፍሪካው ትርጉም ነው። እዚያ ታውንሺፕ ሲባል በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ተገፍተው የሰፈሩበት የከተማ ዳር ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ግን ቃሉ ስለ ሀብትም ስለ ድህነትም አያወራም። የአካባቢ መስተዳድር ስም ነው። ከካውንቲ (ግዛት ከሚከፈልባቸው አውራጃዎች አንዱ) በታች ያለ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ተመራጮች ያሉት። ግዛቲቱ ከ1,500 በላይ ታውንሺፖች አሏት። ከሰው ላም የሚበዛባቸው አሉ፣ ባለ ትልልቅ ቪላዎች አሉ፣ እንደ እኛ ሰው የታጨቀባቸውም አሉ።

«ታዲያ ቀበሌ በለው» የሚለኝ አለ። ለመግባቢያ ያህል ይሁን። ግን ቀበሌ የቤት ግብር ስንት ይሁን ብሎ አይወስንም። ይሄ ይወስናል።

«አፐር ዳርቢ ማለት ፊላዴልፊያ ነው»

ለዓይን እውነት ይመስላል። ከመሃል ፊላዴልፊያ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። መጀመሪያ ከመሬት በታች ነው፣ ከዚያ ወጥቶ ከማርኬት ጎዳና በላይ በብረት ድልድይ ላይ ይሄዳል። 63ኛ ጎዳና ጣቢያ ስትደርሱ ገና ፊላዴልፊያ ናችሁ። ቀጥሎ ኮብስ ክሪክ የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ቅጠል ካልረገፈ ውሃዋ በቅጡ አይታይም። ተሻግራችሁ የምታገኙት ጣቢያ ሚልቦርን ነው። ሚልቦርን ራሱን የቻለ መስተዳድር ነው፤ የራሱ ከንቲባ አለው። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የነበረው ሰው ግን 1,212 ብቻ ነው። ቡና ተጥዶ እስኪፈላ በእግር ዳር እስከ ዳር ታዳርሱታላችሁ። ከዚያ መጨረሻው፣ 69ኛ ጎዳና፣ አፐር ዳርቢ። በሁለት ፌርማታ ሦስት መስተዳድር! የጎዳናው ቁጥር እንኳ አልተቋረጠም፤ የፊላዴልፊያው ቆጠራ ነው ዝም ብሎ የሚቀጥለው።

ወሰኑ ለዓይን ባይታይም ኪስ ያውቀዋል። ፊላዴልፊያ ከደመወዝ ላይ የከተማ ግብር ትቆርጣለች። ውጭ ኖሮ ለሥራ ከሚገባውም ሰው ትቆርጣለች፤ መጠኑ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ከ3 በመቶ በላይ ነው። «ከከተማ ወጣሁ፣ ተገላገልኩ» ያለ ሁሉ የመጀመሪያው ቼክ ላይ ይደነግጣል። የሚገላገለው ሥራውም ከከተማው ውጭ ከሆነ ብቻ ነው።

ካውንቲያችን ደግሞ ዴላዌር ይባላል። ዴላዌር የሚባል ግዛት ጎናችን አለ። ፎርም ላይ «ስቴት» በሚለው ቦታ ዴላዌር ብሎ የሞላ ወዳጅ አለኝ። እኛ ያለነው ፔንሲልቬኒያ ነው።

«አድራሻዬ ድሬክሰል ሂል ስለሚል ሌላ ከተማ ነው የምኖረው»

አይደለም። ድሬክሰል ሂል 29 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርበታል እንጂ ከንቲባም ምክር ቤትም የለውም። የፖስታና የሰፈር ስም ነው፤ መስተዳድሩ አፐር ዳርቢ ነው። ፖስታ ቤት መስመሩን ያሰመረው ለራሱ ሥራ እንዲመቸው ነው፣ ከመስተዳድር ወሰን ጋር መግጠም የለበትም። በተቃራኒው ዳርቢ የሚባል ቦሮ (እንደ ትንሽ ከተማ ያለ ሌላ ዓይነት መስተዳድር) አለ፣ ዳርቢ ታውንሺፕም አለ፤ ሁለቱም ከእኛ የተለዩ ናቸው። ዳርቢ ታውንሺፕ ይባስ ብሎ እርስ በርስ በማይነካኩ ሁለት ቁራሽ መሬቶች የተከፈለ ነው። ለጂፒኤስ ስትነግሩ ተጠንቀቁ።

«ሰበርብ ማለት ሰፊ ግቢ፣ ጸጥታና ሀብታም ነጮች ናቸው»

እንዲህ ያለ ሰበርብ (የትልቅ ከተማ ዳር መኖሪያ) ሞልቷል፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም። አፐር ዳርቢ ግን በ20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ በ2020 ቆጠራ 85,681 ሰው የተገኘበት ነው። በሕዝብ ብዛት ከግዛቲቱ ስድስተኛ ነው። ዋና ከተማዋን ሃሪስበርግን በሰፊው ይበልጣል፤ ስሙ ግን ዛሬም ታውንሺፕ ነው።

ብዙው ቤት ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነው። የጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ የማን ወጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በረዶ በጣለ ማግስት ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፣ መኪና ማቆሚያውን ጠርጎ ወንበር አስቀምጦበት ይሄዳል። ሕጉ ምንም ይበል፣ ወንበሩን የሚያነሳ ደፋር እምብዛም አይታይም።

69ኛ ጎዳና አጠገብ ትልቅ የኮሪያ ሱፐርማርኬት አለ። ከደቡብ እስያ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች ሱቅ እዚያው አካባቢ ነው። በትምህርት ቤቶቹ ከ70 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። የሐበሻ ምግብ ሲያምረን ወንዟን ተሻግረን ምዕራብ ፊላዴልፊያ እንገባለን። መኪና ለሌለውም ከብዙ ሰበርቦች ይሻላል። ከ69ኛው ጣቢያ ባቡር፣ ትሮሊ (የጎዳና ባቡር) እና አውቶቡስ በየአቅጣጫው ይነሳል።

«ትናንት የተሠራ ነው፣ ታሪክ የለውም»

መሬቱ የአገሩ ነባር ተወላጆች የሆኑት የሌናፔ ሕዝብ ነበር። በዳርቢ ክሪክ ዳር በ17ኛው መቶ ዘመን የስዊድን ሰፋሪዎች እንደሠሩት የሚታመን የግንድ ቤት ዛሬም ቆሟል። በ1789 እዚህ የተወለደው ቶማስ ጋሬት፣ ኩዌከር የሚባለው የክርስቲያን ማኅበር አባል፣ ኋላ ዴላዌር ግዛት ዊልሚንግተን ከተማ ገብቶ ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችን ደበቀ፣ አሻገረ። ያሻገራቸው 2,700 ገደማ እንደነበሩ ይነገራል። ባቡሩ ራሱ የገባው በ1907 ነው። የ69ኛው ጎዳና ሱቆችና ታወር ቴአትር የተከተሉት በ1920ዎቹ ነው።

«የቤት ግብሩን ከንቲባው ነው የጨመረው»

ከንቲባው የማይሰደብበት ዓመት የለም። ግን የቤት ግብር ለሦስት ቦታ ነው የሚከፈለው፦ ለካውንቲው፣ ለታውንሺፑ፣ ለስኩል ዲስትሪክቱ (የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ለሚያስተዳድረው አካል)። ትልቁ የትምህርት ቤቱ ነው። ስኩል ዲስትሪክቱን ከንቲባው አያዝዘውም፤ ለብቻው የተመረጡ 9 የቦርድ አባላት አሉት፣ ደመወዝም የላቸውም። ክልሉም ሌላ ነው፦ ሚልቦርንንና ክሊፍተን ሃይትስን ይጨምራል። ታውንሺፑን የሚያስተዳድሩት ከንቲባውና 11 የምክር ቤት አባላት ናቸው። ሰባቱ ከየቀጠናቸው፣ አራቱ ከመላው ታውንሺፕ ይመረጣሉ።

ትምህርት በቤት ግብር ላይ ሲንጠለጠል የቤት ዋጋው ዝቅ ያለ ሰፈር ብዙ ከፍሎም ጥቂት ይሰበስባል። ይሄ ሮሮ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ዊሊያም ፔን ስኩል ዲስትሪክት ከሌሎች ጋር ሆኖ ግዛቲቱን ከሶ፣ የግዛቲቱ ፍርድ ቤት በ2023 የትምህርት በጀት አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። ዓመቱን ሙሉ ከንቲባውን ከመራገም የቦርዱን አንድ ስብሰባ መግባት ይሻላል፣ ለእኔ።

«ዜጋ ካልሆንኩ ምን አገባኝ?»

መምረጥና መናገር ይለያያሉ። መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። የከንቲባና የምክር ቤት ምርጫ የሚካሄደው እንደ 2023 ባሉ ጎዶሎ ዓመቶች ስለሆነ ዜጋውም ይረሳዋል። ያም ሆኖ በ2019 አፐር ዳርቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሴት ከንቲባ መረጠ፤ ባርባራን ኬፈርን። በዚያው ምርጫ የካውንቲው ምክር ቤትም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሪፐብሊካን እጅ ወጣ።

ለመናገር ግን ፓስፖርት አይጠየቅም። የፔንሲልቬኒያ የስብሰባ ሕግ የአካባቢው ነዋሪ ወይም ግብር ከፋይ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ እንዲኖር ያዝዛል። ተራችሁ ሲደርስ ማይክሮፎኑ ጋ ሄዳችሁ ስለ መንገድ መብራቱም ሆነ ስለ ጉድጓዱ ትናገራላችሁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነው፤ ለሐበሻ ከባዱ እሱ ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡም ሆነ መንገድ ላይ ፎርም ሲሰጣችሁ፣ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» የሚለውን ሳታነቡ «አዎ» እንዳትሉ። «አዎ» ማለት ለመራጭነት ሊያስመዘግባችሁ ይችላል፤ ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ደግሞ ኋላ የዜግነት ማመልከቻችሁን ሊያበላሽ፣ ከአገር እስከማስወጣትም ሊያደርስ ይችላል።