«እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይሄን አባባል በብዛት የምንሰማው ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሲቀመጥ ነው፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲጣላ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲቀያየም፣ እና የተበደለው ሰውዬ «እሱን በቃ አይኑን ማየት አልፈልግም» ብሎ ሲያመርር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ «ተው እንጂ ልጄ፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ይለዋል። አንዳንዱ «የማይበድል» ይላል፣ አንዳንዱ ሰውን አስቀድሞ እንጨቱን ያስከትላል፣ ሀሳቡ ያው ነው።

ትርጉሙ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ፍፁም የሚባል ነገር የለም» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው ግን እኔ በጣም ያንሳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አባባሉ የወጣው ከምድጃ ዳር ነው፣ ምድጃው ላይ የሚሆነውን ካላየን ግማሹ ያመልጠናል።

እንጨት ለምንድነው የሚጨሰው? መጀመሪያ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ ከዛ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ እንጨቱ ራሱ መፈራረስ ይጀምርና ጋዝ ያወጣል፣ ነበልባል ብለን የምናየው በአብዛኛው የዚህ ጋዝ መቃጠል ነው፣ ጭሱ ደሞ ከዛው ውስጥ በደንብ ሳይቃጠል ያመለጠው ነው። ስለዚህ ምጣዱን የሚያሞቀውና አይን የሚያስለቅሰው ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው! ጭሱ ከውጪ የተለጠፈበት ጉድፍ አይደለም። ይሄ ነው እኔን ሁሌ የሚገርመኝ፣ ቆራጥ የሆነ ሰው ቁጡ ይሆናል፣ ለጋስ የሆነ አባካኝ ይሆናል፣ አንዱን ነቅለህ አንዱን ልተው ብትል አይሆንልህም።

እሺ የማይጨስ ማገዶ የለም ወይ? አለ፣ ከሰል አለ። ከሰል እኮ ጋዙ አስቀድሞ የወጣለት እንጨት ነው፣ አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በአፈር ይቀብረውና አየር እየከለከለ ያከስለዋል፣ ያኔ ጭሱ እዛው ጫካ ውስጥ ወጥቶ አልቋል፣ ከተማ ያለነው ስላላየነው ነው ንፁህ የሚመስለን። ደሞ ፍሙ ሲግል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ቀለም የለውም ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። በብርድ ሰሞን በር ዘግተው ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦችን ዜና ስንቴ ሰምተናል? እባካችሁ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። እንጨት ቢያንስ እያስነጠሰ ያስጠነቅቃል።

ጭሱ ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። የጠላ ጋን በወይራ ካልታጠነ ጠላው ጠላ አይሆንም፣ የወተት እቃም እንደዛው ይታጠናል፣ ወሎ ደሞ ሴቶች ወይባ ይሞቃሉ፣ እዛ እንጨቱ የሚፈለገው ለጭሱ ነው። የሳር ጎጆ ጣራም ጥቀርሻ ሲጠጣ ነፍሳት ቶሎ አይበላውም።

ይሄን ስል ግን ጭስ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፣ ዋናው ምክንያት እንጨት ኩበት ከሰል እና ላምባ የሚያነዱ ምድጃዎች ናቸው፣ ጉዳቱ የሚበረታው ደሞ ጉልቻ ስር ቁጭ ብለው እፍ በሚሉት እናቶችና ባዘሏቸው ልጆች ላይ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ፈልጠህ አድርቀህ ከ20 በመቶ በታች ስታወርደው ጭሱ በጣም ይቀንሳል። ከሲሚንቶና ፓሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሰራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ከጉልቻ ጋር ሲነፃፀር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። የማይጨስ እንጨት የለም ማለት እንግዲህ ርጥብ እንጨት ማግድ ማለት አይደለም።

አባባሉ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። አሁን አሁን አጥፊው ራሱ «ምን ላድርግ ሰው ነኝ፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ብሎ ጉዳዩን ሲዘጋበት እሰማለሁ፣ ያውም ያንኑ ጥፋት እየደጋገመ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሽምግልና ላይ አባባሉ የሚነገረው ለተበደለው ነው፣ ልቡ እንዲራራ። ለበደለው የሚነገረው ሌላ ነው፣ ተነስተህ ይቅርታ ጠይቅ ይባላል፣ ካሳ ካለበትም እዛው ይቆረጥበታል።