«ያልተመደበ» ሜትዮራይት ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ መጣ። ከጅማው አዌቱ ወንዝ ዳር ነው ያገኘሁት አለኝ። ጥቁር ነው፣ ከበድ ይላል፣ ፊቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል።

«ሜትዮራይት ነው መምህር።» ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ማለቱ ነው።

«ምን ዓይነት?»

«ያልተመደበ ዓይነት።»

ይሄ ሦስተኛው ነው። ከሱ በፊት የመጡት ሁለቱም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ሰዉ «ያልተመደበ»ን ራሱን የቻለ የድንጋይ ዓይነት አድርጎታል። አንዱ አስተያየት ሰጪማ አልፎ ሄዷል፦ «ያልተመደበ ማለት ሳይንስ ገና ያልደረሰበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከተመደበው በላይ ያወጣል» ብሎ በሙሉ ልብ ጽፏል። ወንድሜ፣ ነገሩን ገልብጠኸዋል።

ያልተመደበ ማለት ማንም ላብራቶሪ አስገብቶ ዓይነቱን ያልለየው ማለት ነው። በቃ። ቃሉ የሚነግርህ ስለ ወረቀቱ ነው፣ ስለ ድንጋዩ አይደለም።

የጅማ ሰው ይሄን በቡና ይረዳዋል። አንድ ጆንያ ጀንፈል ቡና አለ እንበል። ናሙና አልተወሰደለትም፣ ቀማሾች አልቀመሱትም፣ ደረጃ የለውም። ይሄ ቡና «ዓለም አይቶት የማያውቅ ቡና» ነው? አይደለም። ሲቀመስ ምናልባትም ተራውን ደረጃ፣ ጅማ 5ን፣ ነው የሚያገኘው። የሰማይ ድንጋይም ጅማ 5 አለው፤ ተራ ኮንድራይት ይባላል። ሲወድቁ ታይተው ከተለቀሙት ሜትዮራይቶች 80 በመቶ ያህሉ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ሳይመደብ ይቀራል? ወጪና ጣጣ ስላለው ነው። ድንጋዩ ይቆረጣል፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ ተደርጎ ይፋቃል፣ ከዚያ ማዕድኑ በመሣሪያ ይለካል። ኦሊቪን በሚባለው ማዕድን ውስጥ ፋያላይት የሚባለው ብረት ያለበት ክፍል ድርሻ ከ16 እስከ 20 በመቶ ከሆነ ተራ ኮንድራይቱ «ኤች» ይባላል። ከፍ ሲል «ኤል»፣ ከዚያም ሲያልፍ «ኤልኤል»። በዚህ ላይ 20 ግራም፣ ወይም ድንጋዩ ትንሽ ከሆነ ከክብደቱ 20 በመቶው፣ ለተቋም ተሰጥቶ ይቀመጣል። ስሙን የሚያጸድቀው የሜትዮሪቲካል ሶሳይቲ የስያሜ ኮሚቴ ነው። ለአንድ ዝገት የበላው ተራ ኮንድራይት ይሄን ሁሉ ማን ይደክማል?

አሁን ወደ ዋጋው። ከሰሃራ የሚለቀመው ድንጋይ አብዛኛው ሞሮኮ ላይ ነው የሚሸጠው። የወደቀበት ቦታ በትክክል ስለማይታወቅ፣ ሲመደብ «ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ» ተብሎ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከ10,000 ካለፈ ቆይቷል። ነጋዴዎቹ ደግሞ ዓይናቸው የሰላ ነው። የጨረቃ ወይም የማርስ የሚመስል ነገር ካዩ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ የዚህ ዋጋ በግራም በመቶዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለቃሚዎቻችን ቡናውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው እንደሚለዩት ማለት ነው። «ያልተመደበ» ተብሎ በኪሎ የሚሸጠው ለቀማው ካለቀ በኋላ የቀረው ነው። ብዙ ጊዜ በግራም አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ከለቃሚ ዓይን ያመለጠች ጥሩ ፍሬ አልፎ አልፎ ትገኛለች፣ አልክድም። ሎተሪም ይወጣል።

የቡናው ምሳሌ ግን አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል። ከጆንያው የተወሰደ ናሙና ስለ ጆንያው ይናገራል። ድንጋይ ላይ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጎረቤታችን ሱዳን፣ ኑቢያ በረሃ ላይ የወደቀውን አልማሃታ ሲታን ውሰዱ። ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው በእግራቸው እያሰሱ የለቀሙት። ከአንድ የሰማይ አካል የመጡ ስብርባሪዎች ሆነው ሳለ ዓይነታቸው የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «የጎረቤቱ ድንጋይ ስለተመደበ የኔም ያው ነው» የሚለውንም አትቀበሉ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። እባካችሁ ድንጋዩን በኃይለኛ ማግኔት አትፈትኑ። አዎ፣ አብዛኞቹ ሜትዮራይቶች ብረት ስላላቸው ወደ ማግኔት ይሳባሉ። ግን ማግኔቱ ድንጋዩ ውስጥ ተይዞ የኖረውን ጥንታዊ መግነጢሳዊ አሻራ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞሮኮ ውስጥ የተገዛው ብላክ ቢዩቲ የተባለው የማርስ ድንጋይ የደረሰበት ይሄ ነው። ደግሞስ ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይም፣ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ካለበት፣ ወደ ማግኔት ይሳባል እኮ፤ ምን አተረፋችሁ?

ሌላ። ሜትዮራይት በረሃ ላይ የሚለቀመው ሰማዩ በረሃን ስለሚመርጥ አይደለም። ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይዝግም፣ ነጣ ያለ አሸዋ ላይ ጥቁር ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። ጅማ ላይ ዝናብ፣ ሣር፣ ቀይ አፈር ነው ያለው። የቆምንበት ራሱ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች በከተማችን ስም «የጅማ ቮልካኒክስ» ይሉታል። እና እዚህ ጥቁር ድንጋይ ስታነሱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማነው?

የልጁን ድንጋይ በእጅ ማጉያ አየሁት። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተዋቸው አረፋዎች ናቸው። ሜትዮራይት ላይ እንዲህ ያለ አረፋ ማየት እጅግ ብርቅ ነው። ከከባቢ አየር ጋር ሲፋጭ የሚፈጠረው ስስ ጥቁር ቅርፊትም የለውም። የሱ ድንጋይ ያልተመደበ ሜትዮራይት ለመባል እንኳ አይበቃም፤ ለዚያ መጀመሪያ ሜትዮራይት መሆን አለበት።

«ባዛልት ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «የተመደበ?» አለኝ።