የኖርዌይኛ ጥምር ቃላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ኖርዌይኛ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቀለም ይጫናል» የሚለው አባባል ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ይኖራል። ቀለም የምንለው ግጥም ሲመጠን የሚቆጠረውን የድምፅ ክፍል ነው፤ መጫን ደግሞ አንዱን ቀለም ከሌሎቹ አጠንክሮ መናገር ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሥር የሰደደው፤ እንደ ደንብ ማስተማሩ ግን ሊቆም ይገባል። በጥምር ቃል ዋናው ጫና የሚያርፈው በመጀመሪያው ቃል ላይ እንጂ የግድ በመጀመሪያው ቀለም ላይ አይደለም። ያ ቃል ብቻውን ሲነገር የሚጫንበት ቦታ፣ ሲጣመርም አይለወጥም።

ስታሹን (ጣቢያ) የሚጫነው «ሹን» ላይ ነው። ቶግስታሹን (ባቡር ጣቢያ) ሲሆን ዋናው ጫና ወደ «ቶግ» ይሄዳል። ፑሊቲስታሹን (ፖሊስ ጣቢያ) ግን «ፑ»ን ሳይሆን «ቲ»ን ይጫናል፤ ፑሊቲ ብቻውንም እንደዚያው ነውና። ኡኒቨርሲቴትስሲከሁስ (የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል) ላይ ደግሞ «ቴት» ነው። ስለዚህ ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ መጋጠሚያውን ፈልጉ፤ የፊተኛውን ቃል ለብቻው በሉት፤ ጫናውን ሳታንቀሳቅሱ የኋለኛውን ቀጥሉበት።

የኋለኛው ቃል ይዋጣል ማለትም አይደለም። ጫናው ይቀንሳል እንጂ የአናባቢው ርዝመት አይነካም። ባርነሃገ (መዋዕለ ሕፃናት) ሲባል «ባር» ጠንካራና ረጅም፣ «ነ» ቀላል፣ «ሃ» መካከለኛ ግን ረጅም፣ «ገ» ቀላል ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሃ»ን ያሳጥራል፤ ቋንቋችን ትርጉም የሚለየው በማጥበቅና በማላላት እንጂ በአናባቢ ርዝመት አይደለምና። በኖርዌይኛ ታክ ሲጠብቅ አናባቢው አጥሮ «አመሰግናለሁ» ይሆናል፤ ሲላላ አናባቢው ረዝሞ «ጣሪያ» ይሆናል።

ሌላው የእኛ ችግር «እ» መጨመር ነው። ቶግስታሹን ሦስት ቀለም ነው፤ «ቶግ-እስ-ታ-ሹን» ካላችሁት አራት ይሆንና መጋጠሚያው ይጠፋል።

«ለንባብ እንዲቀል ለያይቶ መጻፍ ይቻላል» የሚሉም አሉ። አይቻልም። ላመሎር አንድ ላይ ሲጻፍ የጠቦት ጭን ነው፤ «ላመ ሎር» ሲሆን ሽባ ጭኖች። ሲነገርም የመጀመሪያው አንድ ዋና ጫና፣ ሁለተኛው ሁለት አለው።

መስመር ሲሞላ ግን ቃሉ በመጋጠሚያው ላይ በሰረዝ ይከፈላል። ሁለቱን ቃላት ለማያያዝ የምትገባው ፊደል «ኤስ» ከፊተኛው ጋር ትቀራለች፦ አርበይድስ-ፕላስ (የሥራ ቦታ)። ቡስቶፕ (የአውቶቡስ ፌርማታ) ቡስና ስቶፕ ሲገጥሙ ሦስት «ኤስ» ይኖሩት ነበር፤ የሚጻፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ሦስተኛዋ ትመለሳለች፤ ሁለቱ ከሰረዙ በፊት፣ አንዷ በኋላ።

«ቃናውን (በቃሉ ውስጥ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ) ካልያዝክ አይገባቸውም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ የቃና ልዩነት የሌላቸው የኖርዌይ ቀበልኛዎችም አሉ። ከቃናው በፊት የጫናውን ቦታና የአናባቢውን ርዝመት አስተካክሉ።