ፌርፊልድ ሃውስ፦ የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች የስደት ቤት በባዝ

ፌርፊልድ ሃውስ በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ ሰፊ አትክልት ያለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነቤተሰባቸው አብዛኛውን የስደት ዘመን ያሳለፉበት ነው። ስለ ቤቱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ይህ ዳሰሳ በዚያው ጣሪያ ሥር ስለ ኖሩት ልጆችና የልጅ ልጆች ያተኩራል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም አልፈው፣ ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሀምፕተን ሲደርሱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ የ16 ዓመቷ ልዕልት ፀሐይና የ11 ዓመቱ ልዑል መኰንን አብረዋቸው ነበሩ። እቴጌ መነን በኢየሩሳሌም ቆይተው ኋላ ተከተሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ካደረጉት ንግግር በኋላ፣ በክረምቱ፣ ቤተሰቡ ከለንደን ወጥቶ በፍል ውኃዋ ወደምትታወቀው ባዝ ሄደ፤ ጥቂት ጊዜ በሆቴል ከተቀመጠ በኋላ ፌርፊልድ ተገዛ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና ከባለቤታቸው ከራስ ደስታ ዳምጠው የወለዷቸው ልጆችም ከስደተኛው ቤተሰብ ጋር ነበሩ። የቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ያን ጊዜ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነበሩ።

በአትክልቱ ውስጥ የነበረው የመስተዋት ቤት ጸሎት ቤት ሆኖ እንደ ነበር ይነገራል። ልጆቹ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ እየተማሩ በቤታቸው አማርኛ ይናገሩ፣ ጾሙንም ከታላላቆቻቸው ጋር ይጾሙ ነበር። የእንግሊዝ ብርድ ለእቴጌይቱ ጤና ስላልተስማማ ወደ ኢየሩሳሌም ተመላልሰዋል። ገንዘቡ እየሳሳ በሄደ ጊዜ የከሰል ዕዳ የሚከፈልበት ጠፍቶ ነበር የሚሉ አሉ፤ ችግሩ መኖሩ ግን አያጠራጥርም። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ሊከፈላቸው ይገባ የነበረውን ገንዘብ በለንደን ፍርድ ቤት ጠይቀው በመጀመሪያ ተፈርዶላቸው ነበር፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ሕጋዊ ብሎ ስላወቀ ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ። ኢጣሊያ ሕዝባችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀች አገር መሆኗ በዓለም ፊት ተነግሮ ሳለ ይህ መደረጉ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

የእነዚህ ልጆች ሁኔታ ከጎረቤቶቻቸው ልጆች የሚለየው ጦርነቱ ለእነርሱ ገና የሚመጣ ነገር ስላልነበረ ነው። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ተይዘው በኢጣሊያኖች ተረሸኑ፤ ልጆቻቸው በሰው አገር ሳሉ አባታቸውን አጡ። የንጉሠ ነገሥቱ የበኩር ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወስደዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ቱሪን ላይ አረፉ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ ደራሲውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እዚያው ፌርፊልድ ውስጥ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በመቃብሩ አጠገብ ቆመው ስለ ወዳጃቸው ተናገሩ። ከ11 ቀን በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሂትለር የቼኮስሎቫኪያን ግዛት የለቀቁበት የሙኒክ ውል ተፈረመ፤ በዚያ ሰሞን በመላው እንግሊዝ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ለሕዝቡ ይታደል ነበር። ጋዝ ማለት ምን እንደ ሆነ የዚህ ቤት ሰዎች አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ታሪካቸው በሰፊው የተመዘገበው ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ እናታቸው በራዲዮ ለዓለም ሴቶች ያሰሙትን ጥሪ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት እርሳቸው ነበሩ። በስደት ሳሉ ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው፣ እንደ ማንኛዋም ተማሪ የነርስ ልብስ ለብሰው፣ የታመሙ ሕፃናትን እያስታመሙ ተማሩ። ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. ተመረቁ፤ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 28 ነው። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ለእንግሊዛውያን አስፈሪ የነበረው ጦርነት ለፌርፊልድ ቤተሰብ የመመለሻ መንገድ ከፈተ። ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝ ጠላት ጠላት ሆኑ፤ በዚያው ወር ልዑል መኰንንን ይዘው ከፕሊመዝ በባሕር አውሮፕላን ተነሡ፤ በግብፅ በኩልም ወደ ካርቱም ሄዱ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው ካገቡ ከወራት በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በወለጋ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል፣ ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰቡለት፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. ባዝን ጎብኝተው የከተማዋን የክብር ዜግነት ተቀበሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፌርፊልድን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ።