ፕሮምስ፦ የለንደን በጋ የቁም ኮንሰርቶች

ፕሮምስ በለንደን ከተማ በየዓመቱ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ለስምንት ሳምንታት ያህል በተከታታይ የሚካሄድ የክላሲካል ሙዚቃ መሰናዶ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ አድማጮች እየተንሸራሸሩ ሙዚቃ ይሰሙበት ከነበረው «ፕሮሜናድ ኮንሰርት» ያጠረ ሲሆን፣ ዛሬ መንሸራሸሩ ቀርቶ መቆሙ ተርፏል። መሰናዶውን ልዩ የሚያደርገውም ይኸው የቁም ቦታ ነው። በሌሎች የኮንሰርት አዳራሾች ለመድረክ የቀረበ ወንበር ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል፤ እዚህ ግን ከመድረኩ ሥር ያለው ስፍራ በርካሽ ይገኛል።

የመጀመሪያው ምሽት ነሐሴ 10 ቀን 1895 ኩዊንስ ሆል በተባለው አዳራሽ ተካሄደ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ኒውማን ሐሳብ፣ ኦርኬስትራ ሰምቶ የማያውቀውን ሰው በታወቁና በቀለሉ ሥራዎች ስቦ ቀስ በቀስ ወደ ከበዱት ማድረስ ነበር። ኦርኬስትራውን እንዲመራ የ26 ዓመቱን ሄንሪ ዉድን መረጠ። ገንዘብ ያወጣው ጆርጅ ካትካርት የጉሮሮ ሐኪም ስለነበር ያቀረበው ቅድመ ሁኔታም ከሙያው የመነጨ ነው፤ በዘመኑ በእንግሊዝ የተለመደው ከፍ ያለ የኦርኬስትራ ቅኝት የዘፋኞችን ድምፅ ይጎዳል ብሎ ያምን ስለነበር ዝቅ እንዲል ጠየቀ፣ ተደረገለትም። የመግቢያው ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። አድማጩ እንዲበላ፣ እንዲጠጣና እንዲያጨስ ተፈቅዶለት፣ ዘፈን ሲቀርብ ብቻ ክብሪት እንዳይጭር ይጠየቅ ነበር።

ኒውማን ከሞተ በኋላ፣ በ1927 ቢቢሲ ኃላፊነቱን ተረከበ። በግንቦት 1941 ኩዊንስ ሆል በጀርመን የአየር ድብደባ ሲወድም ኮንሰርቶቹ በዚያው ዓመት ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተዛወሩ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። ዉድ ኮንሰርቶቹን መምራት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በነሐሴ 1944 አረፈ። ከፈረሰው አዳራሽ የተረፈው የነሐስ ሐውልቱ በየዓመቱ ከኦርጋኑ ፊት ይቆማል።

በ1871 የተከፈተው ሮያል አልበርት ሆል ከ5,000 በላይ ሰው የሚይዝ ሞላላ አዳራሽ ሲሆን፣ ጣሪያው ጉልላት በመሆኑ ድምፅ እያስተጋባ ለረጅም ጊዜ ሙዚቀኞችን አስቸግሯል። ማሚቶውን ለመቀነስ በ1969 እንጉዳይ የሚመስሉ ትልልቅ ክብ ሰሌዳዎች ከጣሪያው ሥር ተሰቀሉ።

በመሬቱና በላይኛው ሰገነት 1,000 ያህል ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ቋሚዎቹ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ብዙዎቹ ለዓመታት የሚመላለሱ በመሆናቸው ይተዋወቃሉ፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ይሰበስባሉ። የፒያኖው ክዳን ሲነሳ ከታች ያሉት ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ሠራተኛ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፣ ከሰገነቱም ይመለስላቸዋል። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ጸጥታው ሌላ ነው። የቫዮሊኑ ቀስት ከአውታሩ ሲነሳ በቅርብ የሚያየው ሰው የመጨረሻዋ ድምፅ እስክትጠፋ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ በሙቀት ሁለት ሰዓት ቆሞ እንዲህ ማዳመጥ በእኔ ግምት ለሙዚቃው የሚሰጥ ትልቅ ክብር ነው።

ኮንሰርቶቹ ሁሉ በቢቢሲ ሬዲዮ 3 በቀጥታ ይተላለፋሉ። በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የሚታወቀው ባንዲራ የሚውለበለብበትና ሕዝቡ አብሮ የሚዘምርበት የመዝጊያ ምሽት ነው፤ ሆኖም እሱን ብቻ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚቀርቡትን አዳዲስ ድርሰቶችና ከየአገሩ የሚመጡትን ኦርኬስትራዎች ሊገምት አይችልም። በዚያ ምሽት የቋሚዎቹ ተወካዮች ወደ ዉድ ሐውልት ወጥተው የሎሬል ቅጠል ጉንጉን ያጠልቁለታል፤ ሲሠራ እንደዋለ ሰው ግንባሩን በጨርቅ የመጥረግ ልማድም አላቸው።