ብርድና የፀሐይ ርቀት አይተዋወቁም

ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ «ለምን ይበርዳል?» ብዬ ጠይቄ «መሬት ከፀሐይ ስለምትርቅ» ያልተባልኩበት ዓመት የለም። ተማሪ ቢለው አይደንቀኝም፤ ሊማር ነው የመጣው። ባለፈው ታኅሣሥ ግን አንድ ባለ ዲግሪ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ «ዘንድሮ ፀሐይዋ ርቃለች መሰለኝ» ሲለኝ ሻዬን ትቼ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

ርቃለች? ባቄላችንን ውርጭ የሚመታው፣ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድረው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። መሬት ለፀሐይ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የምትቀርበው ደግሞ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ 152 ሚሊዮን። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ገደማ ቢሆን ነው። ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ ፀሐይ ቅርባችን ናት ማለት ነው። «የአውሮፓስ ክረምት?» ለሚለኝም፦ ሐምሌ ላይ አውሮፓ ሲሞቅ ደቡብ አፍሪካ ይበርዳል። ጉዳዩ ርቀት ቢሆን ሁለቱም አብረው በበረዳቸው ነበር። ወቅቱን የሚያፈራርቀው የመሬት ዘንግ 23.4 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው፤ በግማሹ ዓመት ሰሜኑ፣ በሌላው ግማሽ ደቡቡ ወደ ፀሐይ ያጋድላል።

እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማዘንበሉም ብዙ አያበርደንም። የሚያበርደን ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። «ከፍ ካልን ለፀሐይ አልቀረብንም ወይ?» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ቀርበናል፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል፤ ያውም ከ150 ሚሊዮኑ ላይ! አየር በአብዛኛው የሚሞቀው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ተሳፋሪ ሁሉ ጋቢውን እያወለቀ ይህን ያውቀዋል፤ ፈተና ላይ ሲደርስ ነው የሚረሳው።

ሌላው የሰማዩ መጥራት ነው። ክረምት ላይ ደመናው መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ይዞ ያድራል። በበጋ ሰማዩ ባዶ ነው፤ ሙቀቱ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ያመልጣል። መንዝ ያደገችው እናቴ ኮከቡ በዝቶ ነፋሱ ከቆመ «ዛሬ ውርጭ አለ» ብላ ችግኟን ትሸፍን ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከዚያ ባለ ዲግሪ ግን ትበልጣለች።

ይህን የርቀት ነገር ይዘው ነው ልጆቹ «ከፕላኔቶች በጣም የምትሞቀው ሜርኩሪ» የሚሉኝ። ቬነስ ናት፤ ከሜርኩሪ ብትርቅም ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ አፍኗት 460 ዲግሪ ታልፋለች። በነገራችን ላይ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም እሷው ናት፤ ኮከብ አይደለችም። ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም፤ አየራችን ውስጥ ገብቶ የሚነድ ጠጠር ነው። ጨረቃ ስትጎድል የሚጋርዳት የመሬት ጥላ አይደለም፤ ጥላችን የሚያገኛት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ፕሉቶ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዘጠኙ ወጥቷል፤ አሁን ስምንት ናቸው፤ እባካችሁ አሮጌውን ሥዕል ከግድግዳ አውርዱት።

ስለ ግርዶሽ ካነሳሁ፣ «በራጅ ፊልም ቢያዩት አይጎዳም» የሚለው ውሸት ዓይን ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ እኛም ከፊሉን አይተናል። የጎረቤቴ ልጅ በራጅ ፊልም ሲያይ ቆይቶ ለቀናት ዓይኔ መሐል ጥቁር ነጥብ አለ ሲል ከረመ። ጥቀርሻ የተቀባ መስታወትም፣ ሳፋ ውስጥ ያለ ውኃም ያው ነው። ፊታችሁን አዙሩና ከማድ ቤት ወንፊት አምጡ፤ ፀሐይ ላይ ስትይዙት በየቀዳዳው ያለፈው ብርሃን መሬቱን በትናንሽ ማጭዶች ይሞላዋል። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ማዘንበሉን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ሜትር ዱላ ይበቃል። ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉና ፀሐይ አናት በምትደርስበት፣ ቀን 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ጥላውን ለኩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ጥላው ወደ ሰሜን 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። በሰኔ አጋማሽ ግን ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። አምና ደመናው ገለጥ ባለ ጊዜ አንዱን ተማሪዬን ላክሁት። ለክቶ ተመለሰና፣ «መምህር፣ ኮምፓሱ ተበላሽቷል» አለኝ።