«የመቋቋም አቅም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ስለ ገጠር ኑሮና ስለ እርዳታ በሚጻፉ ሪፖርቶች ውስጥ በብዛት አለ። ብዙ ሰው «ችግርን ችሎ ማለፍ» ማለት ይመስለዋል። ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲዛመት በብዙ አገር ገበያ ተዘጋ፣ መንገድ ታገደ። ሁለት የገጠር ቤተሰቦችን እናስብ። አንደኛው የእርሻ በሬውን ሸጦ ልጆቹን አበላ። ማንም አልተራበም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ግን ማረሻው ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛው ትንሽ ቁጠባ ነበረው፤ ዶሮዎቹን ሸጠ፣ ዘር ከጎረቤት ተበደረ፣ በሬውን አልነካም።

ሁለቱም ክፉውን ጊዜ አልፈዋል። የመቋቋም አቅም የሚባለው ግን የሁለተኛው ነው። መለኪያው መትረፍ ብቻ ሳይሆን ወደነበሩበት መመለስ መቻል ነው። «ገበሬ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል» ሲባል የምናደደውም ለዚህ ነው፤ የተሸጠውን በሬ ማንም አይቆጥርለትም።

ደግሞ ወረርሽኝ ከድርቅ ይለያል። ድርቅ አንድ አካባቢ ሲመታ ሌላ ቦታ ያለ ዘመድ ይደርሳል። እንደ ኮቪድ ያለ ወረርሽኝ ግን ረጂውንም ተረጂውንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለመቋቋም አቅም የገቢ ምንጭ መብዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ምንጮቹ አብረው የማይደርቁ መሆን አለባቸው። ከተማ የሚሸጥ ወተትና ከተማ ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ ሁለት ምንጭ ይመስላሉ። ከተማው ሲዘጋ ግን ሁለቱም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ።